የአወዳደቅ ልዩነት፦ የሞተረኛና የመኪና ተወዳዳሪ የራስ ቁር ታሪክ

በ1914 መግቢያ ላይ፣ በእንግሊዝ አገር የብሩክላንድስ መወዳደሪያ ሐኪም የነበሩት ዶክተር ኤሪክ ጋርድነር አንድ ነገር ልብ አሉ። በየአሥራ አምስት ቀኑ ገደማ ራሱን የተመታ አንድ ሞተረኛ ይመጣላቸዋል። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታትና ቀናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሐኪሙ ቁስል እያሰሩ መቀጠሉ አላረካቸውም። ከምሥራቅ ለንደን፣ ከቤትናል ግሪን ሰፈር ባለሙያ ፈልገው ከሸራና ከሸላክ ሙጫ የተሠራ ድርቅ ያለ ቆብ አሠሩ። ቆቡ ሁለት ነገር እንዲያሟላ ፈልገው ነበር፤ ከባድ ምት እንዲችል ጠንካራ፣ የነካውን ሁሉ ተንሸራቶ እንዲያልፍ ደግሞ ልሙጥ እንዲሆን። የሞተር ውድድሮቹን የሚመራው ማኅበር ሐሳቡን መጀመሪያ አጣጥሎት ነበር። በኋላ ግን ሐሳቡን ለወጠና በዚያው ዓመት በማን ደሴት ለሚካሄደው የቱሪስት ትሮፊ ውድድር ቆቡን ግዴታ አደረገው። ጋርድነርም 94 ቆቦች ይዘው ወደ ደሴቲቱ ተሻገሩ። በውድድሩ ላይ አንድ ሞተረኛ ከአጥር በር ጋር ቢላተምም ራሱ በሩን ታክኮ አለፈና ተረፈ። ከውድድሩ በኋላ ለሐኪሙ አንድ ደብዳቤ መጣላቸው ይባላል፤ በየዓመቱ ከውድድሩ በኋላ ይመጡ የነበሩት «አስገራሚ» የአንጎል መናወጥ ሕሙማን በዚያ ዓመት አንድም አልመጡም የሚል ነበር።

ጥንካሬና ልሙጥነት፣ ጋርድነር የጠየቋቸው እነዚህ ሁለት ባሕርያት፣ በቀጣዩ መቶ ዓመት የሚሆነውን ሁሉ በውስጣቸው ይዘው ነበር ማለት ይቻላል። ዛሬ የሞተረኛና የመኪና ተወዳዳሪ ቁር ጎን ለጎን ቢቀመጡ ብዙ ሰው መንትያ ይመስሉታል። ዋጋቸውን የሰማ ደግሞ ልዩነቱ የደረጃ ነው ብሎ ይደመድማል፤ ውድ የሆነው የመኪናው ይበልጣል፣ ርካሹ የሞተሩ ያንሳል። የሁለቱ ቁሮች ታሪክ በቅደም ተከተል ሲነበብ ይህ ድምዳሜ አይጸናም። ሁለቱን የለያያቸው ሞተረኛና የመኪና ነጂ የሚወድቁበት መንገድ አንድ አለመሆኑ ነው። ምቾት የሚባለውም ጉዳይ፣ ማለት ክብደቱ፣ አየሩ፣ እይታው፣ ልኩ፣ ከደኅንነት ጎን የቆመ ሌላ ነገር ሳይሆን የዚያው የአወዳደቅ ልዩነት ሌላ ገጽታ ነው።

በጋርድነር ዘመን የመኪና ተወዳዳሪዎች ራስ ላይ የነበረው የጨርቅ ወይም የቆዳ ቆብና መነጽር ብቻ ነበር። የደኅንነት ቀበቶ አይታሰርም፤ አደጋ ሲመጣ ከመኪናው ተወርውሮ መውጣት ከሚጨፈለቅ ብረት ወይም ከሚነድ ቤንዚን ይሻላል ተብሎ ይታመን ነበር። ሞተረኛው መጋለጡን ስለሚያውቅ ቀድሞ ቁር ለበሰ፤ ነጂው ግን ዙሪያውን ያለው ቆርቆሮ ጋሻ መሰለው። በኢንዲያናፖሊስ የ500 ማይል ውድድር ቁር ግዴታ የሆነው በ1935 ነው፤ ከማን ደሴት 21 ዓመት ዘግይቶ። በአውሮፓ ታላላቅ የግራን ፕሪ ውድድሮች ደግሞ እስከ 1952 ተጠበቀ። ስለዚህ በዚህ ታሪክ ፈር ቀዳጁ መኪና ሳይሆን ሞተር መሆኑን መያዝ ይገባል፤ የመኪናው ቁር የላቀ ነው የሚለው እምነት ብዙ ጊዜ ይህን ቅደም ተከተል ይረሳዋል።

ኢንዲያናፖሊስ ቁርን ባስገደደበት በዚያው ዓመት በግንቦት ወር፣ በእንግሊዝ ዶርሴት አውራጃ አንድ ዝነኛ ሰው ከሞተሩ ወደቀ። የዐረቢያው ሎረንስ በመባል የሚታወቀው ቲ. ኢ. ሎረንስ በብሮ ሱፒሪየር ሞተሩ ሲጋልብ በብስክሌት የሚሄዱ ሁለት ልጆችን ላለመግጨት ሲጠመዝዝ ተወረወረ። ቁር አልነበረውም። ስድስት ቀን ራሱን ስቶ ቆይቶ ሞተ። ካዩት ሐኪሞች አንዱ አውስትራሊያዊው የአንጎል ቀዶ ሐኪም ሂው ኬርንስ ነበሩ። ጉዳዩ ከአእምሯቸው አልወጣም። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር የእንግሊዝ መንገዶች ከአየር ድብደባ ለመሰወር በጨለማ ተዋጡ፤ የጦር መልእክተኞች ደግሞ በዚያ ጨለማ በሞተር ይከንፋሉ። ኬርንስ በ1941 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ባወጡት ጥናት በጦርነቱ የመጀመሪያ 21 ወራት 2279 ሞተረኞችና አብረዋቸው የተፈናጠጡ ሰዎች በአገሪቱ መንገዶች ላይ መሞታቸውን ገለጹ። ቁር አድርገው የተጎዱ ያገኟቸው ሰባት ብቻ ነበሩ፤ ሰባቱም አልሞቱም። ሰባት ሰው ትንሽ ነው፤ በዘመኑም በዚህ ብቻ ሕግ ይወጣል ብሎ የሚከራከር ቢኖር አይፈረድበትም። ሆኖም በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ሠራዊቱ ለሞተረኞቹ ቁርን ግዴታ አደረገ፤ ኬርንስም ክትትላቸውን ቀጥለው በ1946 ሰፋ ያለ ማስረጃ ይዘው ተመለሱ። እንግሊዝ ግን ለሲቪል ሞተረኛ ቁርን በሕግ ያስገደደችው በ1973 ነው፤ ኬርንስ ካረፉ 21 ዓመት በኋላ።

ከኬርንስ ጋር በኦክስፎርድ ይሠሩ የነበሩ ሆልቦርን የሚባሉ የፊዚክስ ሊቅ በ1943 የደረሱበት ነገር ግን ከዚህ ሁሉ በላይ ሊነገር የሚገባው ይመስለኛል። ሆልቦርን አንጎልን በጄላቲን ቀርጸው ምት ሲያርፍበት ምን እንደሚሆን መረመሩ። ውጤታቸው በአጭሩ ይህ ነው፦ አንጎልን አብዝቶ የሚጎዳው ቀጥ ብሎ የሚመጣው ግፊት ሳይሆን ጭንቅላት በድንገት ሲሽከረከር ነው። የራስ ቅል ሲዞር በውስጡ ያለው ለስላሳ አንጎል ወደ ኋላ ይቀራል፤ በዚህም ይጎተታል፣ ይጠመዘዛል፣ ሥሮቹ ይበጠሳሉ። ሞተረኛ ደግሞ ሲወድቅ ራሱ አስፋልቱን የሚያገኘው በአብዛኛው በአግድመት እየገሰገሰ ነው፤ አስፋልቱም ቁሩን ያዝ አድርጎ ያሽከረክረዋል። ጋርድነር በደመ ነፍስ የጠየቁትን ልሙጥነት ሆልቦርን በፊዚክስ አስረዱት። ይህ ሐሳብ የቁር መፈተኛ መሣሪያ ላይ እስኪደርስ ድረስ ግን ሦስት ሩብ ክፍለ ዘመን ፈጀ።

በመካከሉ ሌላ ሐሳብ ቀደመው። በካሊፎርኒያ ቻርልስ ሎምባርድና ኸርማን ሮት የተባሉ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1947 አመልክተው በ1953 የባለቤትነት መብት ያገኙበት ቁር፣ ከደረቁ ልባስ ሥር ሲመታ የሚጨፈለቅና ተመልሶ የማይነሳ ሽፋን ነበረው። እስከዚያ ድረስ ቁር ማለት ድርቅ ያለ ቆብና በውስጡ ራስን የሚያንጠለጥሉ ጠፍሮች ነበሩ። የአዲሱ ሐሳብ ብልጫ በቀላል ስሌት ይገባል። ከ3 ሜትር ትንሽ ካነሰ ከፍታ የወደቀ ራስ መሬት ሲነካ በሰከንድ 7.5 ሜትር ይጓዛል። በ5 ሚሊ ሜትር ርቀት ውስጥ እንዲቆም ቢገደድ የሚያርፍበት ጫና ከምድር ስበት ከ570 እጥፍ ይበልጣል። 30 ሚሊ ሜትር እየተጨፈለቀ የሚሸኘው ፎም ካለ ግን፣ ጫናው እኩል ተሠራጭቶ ቢቆይ፣ ወደ 100 እጥፍ ግድም ይወርዳል። ስለዚህ ሰው የሚያተርፈው ከላይ ያለው ድርቅና ብቻ ሳይሆን ከውስጥ ያለው ነገር በልኩ መሸነፉ ነው። በካሊፎርኒያ የመኪና ዕቃ ሻጭ የነበረው ሮይ ሪችተር ቤል በተባለው ድርጅቱ በ1954 «500» የተሰኘውን ቁር አወጣ፤ በ1957 ደግሞ ዛሬ በዕቃ ማሸጊያ ካርቶን ውስጥ የምናውቀውን ነጩን የፖሊስታይሪን ፎም ቁር ውስጥ አስገባ። ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ቢለወጥም ያ ነጭ ፎም እስከ አሁን የሁለቱም ቁሮች ልብ ነው።

በ1950ዎቹ ግን ገበያው ውስጥ የነበረው ሁሉ እንዲህ የታሰበበት አልነበረም፤ ቁርን ከደኅንነት ይልቅ ከዕድል ጋር የሚያያይዙም ነበሩ። የሁለት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮኑ አልቤርቶ አስካሪ ያለ ሰማያዊ ቁሩ የማይነዳ ሰው ሆኖ ሳለ፣ በግንቦት 1955 በሞንዛ ለሙከራ ሲነዳ የሞተው የባልደረባውን ቁር ተውሶ ነበር። የራሱ ቁር ያድነው ነበር ማለት አይቻልም፤ በዚያ ዘመን የትኛው ቁር ምን ያህል እንደሚያድን ነጂዎች የሚያውቁበት መንገድ ግን ውስን ነበር። በ1956 ፒት ስኔል የተባለ አማተር ተወዳዳሪ በካሊፎርኒያ ቁር አድርጎ እያለ በራሱ ላይ በደረሰ ጉዳት ሞተ። ጓደኛው የነበሩት ሐኪሙ ጆርጅ ስናይቭሊ በዓመቱ በስሙ የመታሰቢያ ተቋም አቁመው ቁሮችን ከከፍታ እየጣሉ መፈተን ጀመሩ፤ የመጀመሪያው የስኔል መስፈርት በ1959 ወጣ። ከዚህ ወዲህ ፈተናውን ያለፈ ቁር የተቋሙን ምልክት መያዝ ጀመረ። ገና ግን ለሞተርና ለመኪና አንድ ነበር።

የዚያን ዘመን አንድነት በአንድ ሰው ማሳየት ይቻላል። ጆን ሰርቲስ በ1956፣ በ1958፣ በ1959ና በ1960 በ500 ሲሲ ሞተር የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ በ1960 ከሞተር ሳይወርድ በመኪናው ውድድር በፎርሙላ 1 መወዳደር ጀመረ፤ በ1964 በፌራሪ የዓለም ሻምፒዮንነቱን ወሰደ። በሁለት ጎማም በአራት ጎማም የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ሌላ ሰው እስከ ዛሬ የለም። በሁለቱም ስፖርት የሚደረገው ቁር ከአናት በላይ የሚቀመጥና ፊትን ክፍት የሚተው ነበር። ፊት ክፍት መሆኑ ለመተንፈስና ለማየት ይመች ነበር፤ ዋጋው ግን በዚያው በ1960 በቤልጂየም ስፓ ታየ፤ አለን ስቴሲ የተባለው እንግሊዛዊ ነጂ በከፍተኛ ፍጥነት ላይ ሳለ ወፍ ፊቱን መትታው መኪናው ከመንገዱ ወጥቶ ሞተ። በ1960ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ቤል አገጭን ጭምር የሚሸፍነውን «ስታር» የተባለ ቁር ሠራ። በ1968 የውድድር ዘመን ቁመተ ረጅሙ አሜሪካዊ ዳን ገርኒ በኢንዲያናፖሊስና በፎርሙላ 1 ይህን ቁር አድርጎ ብቅ አለ። የገርኒ ራስ ከሌሎች ነጂዎች ራስ ከፍ ብሎ ነፋስና ጠጠር ይቀበል ስለነበር የምቾት ጥያቄና የደኅንነት ጥያቄ በእሱ ላይ አንድ ሆኑ። ሙሉው ቁር በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሁለቱም ስፖርት ተስፋፋ። አንድነታቸው የመጨረሻውን ከፍታ የነካው ያን ጊዜ ይመስለኛል፤ ከዚያ ወዲህ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል።

መለያየቱን ያመጣው ቁሩ ሳይሆን መኪናው ነው። በ1961 መኪናው ሲገለበጥ ነጂውን የሚጠብቅ የብረት ማገር በፎርሙላ 1 ግዴታ ሆነ፤ በ1972 ደግሞ ባለ ስድስት ነጥብ ቀበቶ ተጨመረ። ተወርውሮ መውጣት ይሻላል የሚለው የድሮው ሐሳብ ተገለበጠና ነጂው ከመኪናው ጋር ታሰረ። ይህ የብዙዎችን ሕይወት ያተረፈ ውሳኔ ቢሆንም አዲስ ዓይነት አደጋ ወለደ። ራሱ ባለበት ሆኖ ያንኑ ብረት ደጋግሞ ሊመታ ይችላል፤ እሳት ቢነሣ ከእሳቱ ጋር ይቀመጣል፤ የሚበር ነገር ቢመጣ የሚያየው በጠባቧ የመስታወት ክፍተት በኩል ሆኖ መሸሻ የለውም። በ1972 በፈረንሳይ ግራን ፕሪ ከፊት መኪና ጎማ የተነሣ ድንጋይ የተወዳዳሪውን የሄልሙት ማርኮን የቁር መስታወት ሰብሮ አንድ ዓይኑን አሳጣው። ነሐሴ 1 ቀን 1976 በኑርቡርግሪንግ የፎርሙላ 1 ነጂው የኒኪ ላውዳ ፌራሪ ከመንገዱ ዳር የአፈር ግድብ ጋር ተጋጭቶ ሲነድ ቁሩ ከራሱ ወጣ፤ የውስጡ ፎም በግጭቱ ተጨፍልቆ ስለላላ ፊቱ ለእሳቱ ተጋለጠ። ላውዳ ከስድስት ሳምንት በኋላ በፋሻ ተጠቅልሎ በሞንዛ መወዳደሩ ብዙ ተነግሮለታል። ቁሩ ለምን ወጣ የሚለው ጥያቄ ግን ከጀግንነቱ ይልቅ ለዚህ ታሪክ ይቀርባል፤ በልክ የማይገጥም ቁር፣ የቱንም ያህል ቢጠነክር፣ በሚያስፈልግበት ሰዓት ራስ ላይ አይገኝም።

የስኔል ተቋም ውሎ አድሮ መስፈርቱን ለሁለት ከፈለ፤ «ኤም» ለሞተር፣ «ኤስኤ» ለመኪና ውድድር። ልዩነታቸው ሦስት ነው፤ ሦስቱም ከላይ ያየናቸውን አደጋዎች ይመስላሉ። የመኪናው ቁር የእሳት ፈተና ያልፋል፤ የሞተሩ አያልፍም። የመኪናው ከብረት ማገር ቅርጽ ጋር አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ ይመታል፤ የሞተሩ ይህ የለበትም። በሦስተኛው ላይ ግን ሚዛኑ ወደ ሞተረኛው ያጋድላል፤ የሞተሩ ቁር ሰፊ የእይታ መስክ እንዲሰጥ ይገደዳል፤ የመኪናው ክፍተቱን እንዲያጠብ ይፈቀድለታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በውድድር መንገድ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ይነዳል፤ ነጂው ጎንና ጎኑን የሚያይበት መስታወትም አለው። በከተማ መንገድ ያለ ሞተረኛ ግን ከግራ ከቀኝ የሚገባውን ታክሲ፣ ድንገት የሚከፈተውን የመኪና በር፣ የሚሻገረውን እግረኛ በዓይኑ ጠርዝ ካላየ ቁሩ ራሱ የአደጋ ምክንያት ይሆናል። በዚህ ላይ ሞተረኛው በውድድር ጊዜ በታንከሩ ላይ ተለጥፎ አንገቱን ወደ ኋላ ሰብሮ ስለሚያይ የክፍተቱ የላይኛው ጠርዝ ለእሱ ከፍ ማለት አለበት፤ ተንጋሎ ለሚቀመጥ የመኪና ነጂ ግን ይህ አያስፈልገውም።

ምቾት ሲነሣ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ይበልጥ ይታያል። ሞተረኛውን የሚያደክመው ነፋስ ነው። ቁሩ በፍጥነት ላይ እንዳይንቀጠቀጥና ወደ ላይ እንዳይነሣ ቅርጹ ይሞረዳል፤ የአየር ቀዳዳው ነፋሱን ራሱን ይጠቀማል፤ የነፋሱ ጩኸት ጆሮን በጊዜ ብዛት ስለሚጎዳ ብዙ ረጅም መንገድ የሚነዱ የጆሮ መድፈኛ ያደርጋሉ። መኪና ውስጥ ያለው ደግሞ የሚደክመው በክብደትና በሙቀት ነው። ራስና ቁር በአንድ ላይ ስድስት ኪሎ ቢሆኑ፣ የፎርሙላ 1 መኪና በመታጠፊያ ላይ የምድር ስበትን አምስት እጥፍ ጫና ሲፈጥር፣ አንገት የሚይዘው 30 ኪሎ ይሆናል። ለዚያ ነው የመኪናው ቁር በካርቦን ፋይበር እየቀለለ የሄደው፤ ለዚያም ነው ዋጋው የናረው። ያ ዋጋ የገዛው ቅለትና የእሳት መከላከያ ለሞተረኛው ብዙም የማይፈይድለት ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ቁርን ከነጭራሹ የሚቃወሙ ሞተረኞች የሚያነሡት የቆየ ክርክር መልስ ይፈልጋል። ቁር ጆሮን ይደፍናል፣ እይታን ይጋርዳል፣ በክብደቱም አንገት ይሰብራል ይላሉ። ክርክሩ ከንቱ አይደለም፤ ሦስቱም ሊሆኑ የሚችሉ ነገሮች ናቸው፤ መመለስ ያለባቸውም በመላ ምት ሳይሆን በመንገድ ላይ በተሰበሰበ መረጃ ነው። ያ መረጃ በ1981 ታተመ። የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው ሃሪ ኸርትና ባልደረቦቻቸው በሎስ አንጀለስ 900 የሞተር አደጋዎችን በቦታው እየተገኙ መረመሩ። ቁር ድምፅ ወይም እይታ ስለከለከለ የደረሰ አደጋ አላገኙም፤ ቁር ባደረጉት ላይ የአንገት ጉዳት ከሌሎቹ አልበዛም። በ2008 የታተመ የ61 ጥናቶች ግምገማም ቁር የሞተረኞችን ሞት በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ ደምድሟል። የኬርንስ ሰባት ሰዎች በዚህ ብዛት ተተኩ።

የአንገት ጉዳይ ግን በመኪናው ወገን እውነት ሆኖ ተገኘ። ትከሻና ደረት በቀበቶ ታስረው ራስ ነፃ ሲሆን፣ መኪናው ግድግዳ ሲመታ ራስ ብቻውን ወደ ፊት ይወረወራል፤ የራስ ቅል መሠረት በዚያ ጉተታ ይሰበራል። ቁር ይህን አይከለክልም፤ ክብደት በመጨመር እንዲያውም ያባብሰዋል። በ1981 አንድ ፈረንሳዊ ተወዳዳሪ በዚህ መንገድ ሲሞት፣ የሚያውቀው አሜሪካዊ ተወዳዳሪ ጂም ዳውኒንግ የሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሰውነት እንቅስቃሴ ምሁር ወደሆኑት ዘመዱ ሮበርት ኸባርድ ሄደ። ሁለቱ ሆነው ከትከሻ ላይ ተቀምጦ በቀበቶው የሚያዝና ቁሩን በሁለት ማሰሪያ የሚገታ አንገትጌ ሠሩ፤ «ሃንስ» ተባለ። ነጂዎች ለረጅም ጊዜ አይመችም እያሉ ሸሹት። የካቲት 18 ቀን 2001 በዴይቶና ዝነኛው የናስካር መኪና ውድድር ነጂ ዴል ኧርንሃርት ክፍት ቁር አድርጎ፣ ያለ አንገትጌ፣ በመጨረሻው ዙር ግድግዳ መትቶ በራስ ቅል መሠረት ስብራት ሞተ። ናስካር በዚያው ዓመት የራስና የአንገት መያዣ መሣሪያን፣ ፎርሙላ 1 ደግሞ በ2003 አንገትጌውን አስገደዱ። ከዚያ ወዲህ የመኪና ውድድር ቁር ያለ አንገትጌው ግማሽ ዕቃ ነው። ሞተረኛው ግን ይህን ሊወስድ አይችልም፤ የሚያስርበት ቀበቶ የለውም፣ ሰውነቱም በየመታጠፊያው ከጎን ወደ ጎን መንቀሳቀስ አለበት። ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላገኘሁም፤ አንዱን የሚያድነው ነገር ለሌላው ትርጉም የለውም።

ይህን ሁሉ ሰምቶም «ጠንካራ ምንጊዜም ይሻላል፤ ደጋግሞ ብረት የሚችል ቁር አንድ ጊዜ አስፋልት መቻል እንዴት ያቅተዋል?» የሚል ይኖራል። ከሁሉም ተቃውሞ የሚከብደው ይህ ነው፤ በሞተረኞች መካከልም በ2005 እውነተኛ ውዝግብ አስነሥቷል። አንድ የአሜሪካ የሞተር መጽሔት ልዩ ልዩ ቁሮችን ሲያስፈትን፣ ጥብቁን የስኔል ፈተና ያለፉት በተለመደው ዓይነት አወዳደቅ ወደ ራስ የሚያሳልፉት ጫና፣ የመንግሥትን መለስተኛ መስፈርት ብቻ ካሟላ ርካሽ ቁር በልጦ ተገኘ። ምክንያቱ ያው የፎሙ ስሌት ነው፦ ለሁለትና ለሦስት ከባድ ምት የተዘጋጀ ፎም ለአንድ መካከለኛ ምት አይጨፈለቅም፤ ሳይጨፈለቅ ሲቀር ጫናውን ለአንጎል ያስረክባል። የስኔል ወገን ከባድ አደጋም አለ ብሎ ተከራክሯል፤ ትክክል ነው። ቢሆንም በ2010 የወጣው የሞተር መስፈርቱ ለራስ የሚፈቀደውን ጫና ዝቅ አድርጎ ወደ አውሮፓው ደንብ ተጠጋ። ለእኔ ይህ ለውጥ የክርክሩ ፍርድ ነው። ጥንካሬ በራሱ ግብ አይደለም፤ ለየትኛው ምት የሚለው ካልተጠየቀ ይጎዳል።

በ2009 ሐምሌ ወር በመኪናው ወገን ፊት ሌላ ጥያቄ ተደቀነ። ሐምሌ 19 ቀን በብራንድስ ሃች፣ በፎርሙላ 2 ውድድር፣ ከሌላ መኪና የተነቀለ ጎማ የ18 ዓመቱን ሄንሪ ሰርቲስን ራሱን መትቶ ገደለው። የሁለቱ ስፖርቶች ሻምፒዮን የጆን ሰርቲስ ልጅ ነበር፤ አባቱ በሞተርም በመኪናም ከዚያ ሁሉ ዓመት አደጋ ተርፎ ልጁን በዚህ አጣ። ከስድስት ቀን በኋላ በሀንጋሪ፣ ከፊት መኪና የወደቀ አንድ ኪሎ የማይሞላ የብረት ሞላ የፎርሙላ 1 ነጂውን የፊሊፔ ማሳን ቁር ከግራ ዓይኑ በላይ መታው። ቁሩ ቢሰበርም ማሳ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ዳነ። በ2011 በመስታወቱ የላይኛ ጠርዝ ላይ ዛይሎን ከተባለ ጥይት ከሚያቆም ክር የተሠራ ቁራጭ ተጨመረ። ለፎርሙላ 1 ከ2019 ጀምሮ ግዴታ የሆነው አዲሱ መስፈርት ደግሞ ቁሩ ላይ 225 ግራም ብረት በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር ይተኩስበታል። የጎማን ምት ግን የትኛውም ቁር አይችለውም፤ ለዚያ መልስ የሆነው በ2018 በነጂው ራስ ዙሪያ የተተከለው «ሄሎ» የተባለው የታይታኒየም ቅስት ነው። ኅዳር 29 ቀን 2020 በባሕሬን የፎርሙላ 1 ነጂው የሮማን ግሮዣን መኪና በአጥር ብረት ውስጥ ተሰንቅራ ስትነድ፣ ቅስቱ ራሱን ከብረቱ፣ ቁሩ ፊቱን ከእሳቱ ጠበቁት፤ ግማሽ ደቂቃ ለሚጠጋ ጊዜ እሳት ውስጥ ቆይቶ በእግሩ ወጣ። ላውዳ በ1976 ያላገኘው ነገር ይህ ነው።

በዚያ ዘመን ሞተረኞቹ ይዘውት የነበረው ጥያቄ ሌላ ነው። ጥቅምት 23 ቀን 2011 በማሌዥያ ሴፓንግ የሞተር ተወዳዳሪው ማርኮ ሲሞንቼሊ ወድቆ በሌሎች ሞተሮች ተመታና ቁሩ ከራሱ ወጥቶ ሲንከባለል ዓለም አየ፤ ሲሞንቼሊም አልተረፈም። ዓለም አቀፉ የሞተር ብስክሌት ፌዴሬሽን የራሱን የቁር ፈተና አዘጋጅቶ በ2019 በታላቁ ውድድር አስገደደ። የተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን የመንገድ ሞተረኞች ደንብ ቁጥር 22 ስድስተኛ ማሻሻያ በ2021 ጸና። በሁለቱም ውስጥ አዲስ ፈተና አለ፤ ቁሩ በ45 ዲግሪ በተዘመመ ሻካራ ሰሌዳ ላይ ይጣልና ራስን ምን ያህል እንደሚያሽከረክር ይለካል። ሆልቦርን በ1943 በጄላቲን ያሳዩት ነገር ነው፤ ጋርድነርም በ1914 ከቤትናል ግሪኑ ባለሙያ የጠየቁት።

ስለዚህ «የመኪናው ወይስ የሞተሩ ይሻላል?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ የሚጀምረው ሰውየው ታስሮ ነው ወይስ ተፈናጥጦ የሚሄደው ከሚለው ነው። በመኪና ለመወዳደር የሞተር ቁር ማድረግ እሳትና የብረት ማገር አለመኖሩን መገመት ነው፤ ብዙ አዘጋጆች የሚከለክሉትም ለዚህ ነው። ለሞተር የመኪናን ቁር መግዛት ደግሞ ለማይገጥም እሳት ከፍሎ የሚገጥመውን የጎን እይታ መሸጥ ነው። ሞተር የሚነዱ ከሆነ የሚገዙትን ቁር ገልብጠው ይዩ፤ ለሞተር ተፈትኗል የሚል ምልክት አለውን? ራስዎን ሲወዘውዙ ጉንጭዎ ከውስጡ ጋር አብሮ ይሄዳል ወይስ ቁሩ ብቻውን ይዞራል? ከኋላ ይዘው ወደ ፊት ሲገፉት ከራስዎ ቢወጣ መልሰው መደርደሪያው ላይ ያስቀምጡት። የገጠመውን ይግዙ፤ በየጊዜውም፣ ለአጭር መንገድም ቢሆን፣ የአገጩን ማሰሪያ ይቆልፉ።